የሕፃናት ወንፈል

ሚያዝያ 14

እታለም፣ የእድሩን ቤት ቁልፍ የት ነው ያስቀመጥሽው? የቀሚሶችሽን ኪስ ሁሉ በረበርኩ። ፍራሽሽን ገለበጥኩ። እማ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ስትለኝ «እስክሪብቶ» አልኳት። ብትነግሪኝ ይቀለኝ ነበር። ሕፃናቱ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆመዋል። ኦ ክፍል ዛሬ ይጀምራል ብሎ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በመጨረሻ አበረ መጥቶ ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበረው። አበረን ታውቂዋለሽ፤ ሚስትም ልጅም የለውም፣ የሚሰበር ነገር አለ ከተባለ ግን ቀድሞ ይደርሳል። ከፈትን። ቤቱ ባዶ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር የለም። ለካ ወንበሮቹ ሁሉ እኛ ቤት ናቸው። ለአንቺ ለቅሶ መጥተው፣ አርባሽ ካለፈ በኋላም የመለሳቸው የለም።

እድሩ ቤቱን የሠራው ድንኳንና ወንበር ሊያስቀምጥበት ነው፤ አንቺንና አንደኛ ክፍል ያልደረሱትን ልጆች በትርፍ ነው ያስገባችሁ። ሰው ባረፈ ቁጥር ወንበሩ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ ሕፃናቱ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ስለለመዱት «ማን ሞተ?» አይሉም። «ወንበሩ መቼ ይመለሳል?» ነው የሚሉት። ዛሬ ግን እሱንም አልጠየቁኝም።

ሁሉንም ይዣቸው ወደ ቤት መጣሁ። ለለቅሶሽ ከገጠር መጥታ ያልተመለሰችው እማ ከአክስቶቻችን ጋር ተቀምጣ ነበር፤ የገጠሩ ዘመድ ዛሬም እየመጣ ነው። ሕፃናቱ ገብተው «ተነሱልን» አሏቸው። አክስቶቻችን እንባቸውን እየጠረጉ ተነሡ። ወንበሩ ከሥራቸው ወጣ። አንዱን አግዳሚ እንደ ጉንዳን ተረባርበው፣ ሀ ሁ ሂ እያሉ ይዘውት ሄዱ። እማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወችው።

ሚያዝያ 16

ፊደል እስከ መ አድርሰሻቸው ነበር አሉ። ከሠ ቀጠልኩ። ቢተው «ቲቸር እንዲህ አይደለም የምትለው» ይለኛል። እንዴት እንደምትዪ ግን አያሳየኝም።

የት ሄደች ቢሉኝ ማርቆስ ልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ «ቲቸር ሕሊና ማርቆስ ናት» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። የወሰድንሽ ሆስፒታል ማርቆስ ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «እሺ» አሉ።

ሚያዝያ 19

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ አቶ አንሙት ዘንድ። ከሕፃናቱ የአርሴማ አባት ናቸው፣ የትምህርት ባለሙያው።

«በእህቴ ቦታ ሰው እንዲቀጠርልን ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ቦታዋ የቱ ነው?»

«የኦ ክፍል መምህርነት።»

«እሱ እኮ መዋቅር ውስጥ የለም። ወላጅ እያዋጣ ነበር የምታስተምረው።»

«እንዲገባ ነው የምጠይቀው። በበጀት እንዲሆን።»

«ጥሩ። አዲስ መደብ የሚጠየቀው ሥራው እየተሠራ ከሆነ ነው። አሁን ማን እየሠራው ነው?»

«ማንም። ማለት እኔ።»

«አንተ ተማሪ ነህ። ስለዚህ እየተሠራ አይደለም።»

«በክፍት መደብስ?»

«ክፍት እንዲሆን የለቀቀ ሰው ያስፈልጋል። እህትህ አልተቀጠረችም፤ ስለዚህ አለቀቀችም።»

«ታዲያ የት ሄደች?»

አቶ አንሙት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መልሰው አደረጉት። ክፉ ሰው አይደሉም። «ና እስቲ ይታያል፣ ሻይ ልጋብዝህ» አሉኝ። ሻዩን ስንጠጣ አርሴማ በየማታው ዶሮዎቹን አሰልፋ እንደምታስተምር አጫወቱኝ። አንደኛዋ ዶሮ ስትረብሽ «ግድግዳ ይዘሽ ቁሚ» ትላታለች አሉ። አንቺ እንዲህ ትዪ ነበር እንዴ?

ሚያዝያ 25

ዝናብ። የሂሳብ ፈተና ነበር መሰለኝ። ትንሿ ማርያማዊት ጫማዋን ግራና ቀኝ አዘዋውራ ማድረግ ትወዳለች፤ ሳስተካክልላት ታለቅሳለች። አዘዋውሬ አደረግኩላት። ዝም አለች።

እማ እኔ ደብተር ይዤ ስወጣ በየቀኑ ትመርቀኛለች።

ግንቦት 1

ልደታ ናት። ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው ደጅ ተሰብስበው ነበር። የቢተው እናት፣ የብርጓል፣ እማን «ልጅሽ ትምህርት ቤት ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?» አለቻት።

«በየቀኑ ይሄዳል» አለች እማ።

«በየቀኑ የሚውለው እድሩ ቤት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሰልችቶት ኦ ክፍል ተመዝግቧል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እማ አልሳቀችም። እኔ ባቄላዬን እየላጥኩ ነበር።

«እኔ ብተዋቸው ማን ይይዛቸዋል?» አልኩ። «አንቺ ነገ ወዴት ነሽ?»

«እርሻ።»

«ቢተውስ?»

ዝም አለች። የብርጓል ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የመጀመሪያዬ ነው። ቆይታ «ወንፈል» አለች።

«የምን ወንፈል?»

«የልጅ። ዛሬ እኔ ላንተ አርሳለሁ፣ ነገ አንተ ለኔ ታርሳለህ፤ ለመሬት የምናደርገውን ለልጅ ብናደርገው ማን ይከለክለናል? አንድ ቀን አንድ ቤት ሁሉንም ይዞ ይውላል። በነጋታው ሌላው። ልጅ ያለውም የሌለውም ይግባ። ይሄ ደግሞ ወደ ትምህርቱ ይመለስ።»

«ልጅ የሌለው ምን አግኝቶ?» አለች አንዷ።

«እሱን ስንደርስበት እናየዋለን።»

ተወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ግንቦት 6

ስንደርስበት ማለት ዛሬ ነበር። የመጀመሪያው ተራ ለአበረ ወጣ።

አበረ ያለውን የሰማሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው (ሁለት ክፍለ ጊዜ ተምሬያለሁ)። «ወንፈል ይመለሳል» አለ። «እኔ ልጅ የለኝም። የኔን ቀን ማን ይመልስልኛል?» ሴቶቹ መከሩ፣ አልተስማሙም። አበረ ራሱ ፈረደ። «የያዝኳቸው ይመልሱልኛላ።» ሕፃናቱን ሁሉ ይዞ ማሳው ሄደና ድንጋይ ልቀሙልኝ አላቸው።

ለቀሙለት። አንድም አልቀረም። በለቀሙት ድንጋይ ግን እማሳው መሐል ቤት ሠሩበት። በር አለው፣ ጓዳ አለው፣ ለዶሮ የሚሆን ጥግ አለው። አበረ ከሰዓት ጥማዱን ይዞ ሲመጣ ቆሞ አየው። ከዚያ ቤቱን እየዞረ አረሰ።

ሄጄ አየሁት። ጥቁሩ እርሻ መሐል ደሴት መስሏል። «ለምን አላፈረስከውም?» አልኩት።

«ሰው ይኖርበታል አሉኝ» አለ።

ማን እንደሚኖርበት አልጠየቅኩትም።

ግንቦት 11

የዛሬውን ባየሽ። ተራው የየኔታ ኪዳነ ማርያም ነበር። የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት የቆሎ ተማሪ ነው፤ ሕፃን ይዘው አያውቁም። ለሳቸው ተማሪ ተማሪ ነው። ጠዋት ዜማ እየመሩ አስቀጸሏቸው። ደህና ሄደ። ቀትር ላይ ሕፃናቱ ራበን አሉ። የኔታ ግራ ገባቸው። «ራባችሁ? ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ለተራበ ተማሪ የሚደረገውን አደረጉ። ለያንዳንዳቸው መያዣ ሰጥተው ለልመና አሰማሯቸው።

ዝናብ ስለነበር ብዙ ሰው ቤቱ ነው። የብርጓል እንደነገረችን በሯ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ትሰማለች። ቀና ሳትል ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ቢተው ነው።

«አንተ? ምን ሆነህ ነው?»

«በእንተ ስማ ለማርያም።»

«ግባ እንጂ፣ ቤትህ እኮ ነው!»

«ደጅ ቁሙ ተብለናል።»

ሰጠችው። እንደተማሪ ጎንበስ ብሎ ተቀብሎ ወደ ጎረቤት አለፈ። እሷም ምን ታድርግ፣ ቀጥሎ ለመጣችው ለማርያማዊትም ሰጠች። በዚህ ከተማ ያለች እናት ሁሉ ዛሬ ለገዛ ልጇ መጸወተች። የአቶ አንሙት ሚስት አርሴማን ከነመያዣዋ ይዛ ልታስቀር ብትሞክር «የኔታ ይቆጡኛል» ብላ አመለጠቻት። እድሩ ቤት ሲመለሱ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቆሎው አግዳሚውን ሞልቶ ተረፈ። የኔታ አዩና «ጎበዞች ናችሁ፤ ደጉን ደጅ ታውቃላችሁ» አሉ።

እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። መዋጮ ለመጠየቅ በየወሩ ትዞሪበት የነበረው ደጅ ያው ደጅ ነው። «ዛሬ አልሞላልኝም» የሚልሽ ያው ሰው ነው። ተቀምጠሽ ስታስተምሪ ከልክሎ፣ ቆመው ሲለምኑ ሰጠ። ይህን ለማን እንደምናገር አላውቅም። ለአንቺ ነገርኩሽ።

ግንቦት 14

አቶ አንሙት ጠሩኝ። ወንፈሉንና ልመናውን ከላይ ለሚመለከታቸው ጽፈዋል። ልመናውን ምን ብለው እንደጻፉት ነገሩኝ፤ «ከማኅበረሰቡ በተሰበሰበ ሀብት የሚካሄድ የምገባ ሥራ።» እንግዶች ሊያዩ ይመጣሉ። እታለም፣ ሰው ሊያይልን ነው! ካዩት ደግሞ በጀቱን እንዴት ይከለክሉናል? ለሁሉም ቤት ዞሬ ነገርኩ። እጠቡ፣ ጥረጉ፣ አሳምሩ አልኩ።

ግንቦት 19

አሳመርን።

ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ቅቤ ጠጥቶ ተደረደሩ። እናቶች ድፎ ዳቦ ደፍተው መጡ። የኔታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መረቁ። ቢተው ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ሳይሳሳት አለ። እንግዶቹ በሉ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ። ዋናው እንግዳ ተነስተው ተናገሩ። ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፤ «ይህ ማኅበረሰብ ችግሩን በራሱ አቅም ፈቷል። ምርጥ ተሞክሮ ነው። ስለሆነም ያለንን ውስን በጀት ችግራቸውን ገና ላልፈቱት እናውላለን።»

ሁሉም አጨበጨበ። የብርጓልም አጨበጨበች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ምን አለ?» አለችኝ።

ነገርኳት። እጇን አወረደች።

ግንቦት 20

ወፍጮ ቤት፣ ሁለት ሴቶች። እኔ ከጆንያው ጀርባ ነበርኩ።

«ያ ልጅ ከሕፃን ጋር እየዋለ ሕፃን ሆኖ ሊቀር ነው።»

«እህቱን የሚያገኛት መስሎት ነው፣ እኔን አፈር ያድርገኝ።»

ዱቄቱን ሳልይዝ ወጣሁ። እማ ላከችኝና ተመልሼ ሄድኩ።

ግንቦት 27

ሌሎች እንግዶች ይመጣሉ፤ ከሩቅ፣ ልምድ ሊቀስሙ። ዛሬ እድሩ ቤት ተሰብስበን መከርን። እኔ ተናገርኩ። «ስለተሸላለምን ነው የተከለከልነው። አሁን ምንም አናድርግ። ሕፃናቱ እንደሚውሉት ይዋሉ። ጭቃቸው ይታይ። ዳቦ አይቀርብ። ጣሪያው ያፍስስ።» ሁሉም ተስማማ። አበረ «እኔማ ባዶ እግሬን እመጣለሁ» አለ። የብርጓል ሁሉንም አስማለቻቸው።

ሰኔ 3

እግዜር ያሳይሽ።

ጠዋት ቀድሜ ሄድኩ። መጀመሪያ ማርያማዊትን አየኋት፤ እንደ ሙሽራ ለብሳለች። እናቷን «ምነው?» አልኳት። «የሷ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ቆሽሾ ይታያል» አለችኝ። ቀጥላ የመጣችውም እንዲሁ አለችኝ። ሦስተኛዋም። ሠላሳ ምናምን እናት፣ እያንዳንዷ የሌሎቹን ጭቃ ተማምና የራሷን ልጅ አጥባለች። ዳቦው ካለፈው በለጠ። ጣሪያውን አበረ ማታውን ወጥቶ ደፍኖታል። ባዶ እግሬን እመጣለሁ ያለው ሰውዬ በግ አርዷል።

የብርጓልን ፈለግኳት። ቢተውን ጥግ ይዛ አፍንጫውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

«አንቺ አይደለሽም ያስማልሽን?»

«እንግዳ ፊት ልጄን በንፍጥ ላቁመው? ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለግነው እኮ እንዲሉ ነው!»

«እሱማ ገብቶኛል» አለች። ሌላኛውን ቀዳዳም ጠረገችው።

እንግዶቹ በጣም ተደሰቱ። ምርጥ ተሞክሮ የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተከሉልን። ውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ሰጡን። በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ስለሌለ ለጊዜው ባዶ ነው። ሕፃናቱ በተራ አፋቸውን ከተው ይጮሁበታል። በጣም ያስተጋባል።

ሰኔ 9

እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሑፉ ካልተነበበ ይቅርታ።

የዛሬው ባለተራ ታሞ ቀረ። ማንም አልተካውም። ሁሉም ሌላው የያዘ መስሎት እርሻ ሄደ። የማርያማዊት እናት እድሩ ቤት ዝግ ሲሆንባት ልጇን ቤት ዘግታባት ሄደች፤ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው። ቀትር ላይ ስትመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ልጅ የለችም። ጩኸት ተሰማ። ከክፍል ወጥቼ ሮጥኩ። ጎርፉ ሞልቶ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። በቃ፣ ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደ። አበረ እስከ ደረቱ ገባ። እኔም ገባሁ። የየኔታ ተማሪዎች ገመድ ያዙ። አንድ ቀይ ጨርቅ ተንሳፎ መጣ። የሷ አልነበረም፤ የማንም አልነበረም፣ እንዲሁ ጨርቅ ነው። እናቷ ግን ስታየው ወደቀች።

እዚያው ቤታቸው ጎተራ ውስጥ ተኝታ ተገኘች። ሰኔ ስለሆነ ጎተራው ባዶ ነው፤ ጤፉ በሚወጣበት በታችኛው ቀዳዳ ገብታ መውጫው ጠፍቷት፣ አልቅሳ አልቅሳ እንቅልፍ ወስዷታል። ያገኛት ድመቱን ሲከተል የነበረው ቢተው ነው። ለማውጣት ጎተራውን አፈረሱት። አበረ በመዶሻ። ስትወጣ አቧራ ለብሳለች፣ ያንን ሁሉ ሰው አየችና «እንግዳ መጣ?» አለች።

ሰው ሳቀ። ከዚያ እናቷ መታቻት፤ ከዚያ አቀፈቻት።

ሰኔ 12

ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ ሰው እርሻ አልወጣም፤ ሕፃናቱ ግን መጡ። «ቲቸር ከማርቆስ ስትመለስ ፊደሉን ጨርሳችሁ ብታገኛችሁ ደስ ይላታል» አልኳቸው። ቢተው ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ መጣ።

«ጋሼ ይታያል፣ ቲቸር ሕሊና እኮ ሞታለች።»

«ማን አለህ?»

«እናቴ። ሁላችንም እናውቃለን። ማርያማዊትም ታውቃለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዱሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንተ አልሰማህም ብለን ነዋ። እንዳትደነግጥ።»

ሌሎቹን አየኋቸው። ሁሉም ወደ ሰሌዳው ያያሉ፤ በጣም ጨዋ ሆነዋል። ክፍሉን ለአርሴማ ትቼ ትንሽ ወጣሁ። ስመለስ ከሰ እስከ ቀ አድርሳቸዋለች።

ሰኔ 15

ስብሰባ። የከተማው ሰው ተጠርቶ፣ ስለ አዲሱ ዓመት በጀት። እጄን አወጣሁ። ብዙ ቆይተው ዕድል ሰጡኝ።

ያልኩት ይህ ነው። «ችግራችሁን ፈታችሁት ብላችሁናል። አልፈታነውም፤ ተራ በተራ ተሸከምነው እንጂ። አንድ ሰው ራሱን ካመመው ሸክሙ ይወድቃል። ማርያማዊት ጎተራ ውስጥ የገባችው የማንም ተራ ባልነበረ ቀን ነው። ለችግኝ ጠባቂ ተቀጥሯል፤ ጥሩ ነው። ልጅስ? አንደኛ ክፍል እስኪገባ ድረስ የእናቱ ብቻ ነው? እናቱስ እርሻ ላይ ስትሆን? ወላጅ ያዋጣ ይባላል። ያለው ያዋጣል፣ የሌለው ልጁን ዘግቶበት ይሄዳል። እህቴ በየቀኑ ትሠራው የነበረው ይህንን ነው። ሥራ ካልነበረ ምን ነበር?»

ከዚህ በኋላ ሌላም ልል ነበር፤ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው «ጥሩ አስተያየት ነው፤ ተይዟል» አለ። «ቀጥሎ ስለ ማዳበሪያ።»

እማ ከኋላ ተቀምጣ እንደነበረ አላየሁም ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ነጠላዋን አውልቃ እኔን አለበሰችኝ። ዝናብም አልነበረም።

ሰኔ 21

አቶ አንሙት ቤት ድረስ መጡ። ፊታቸው እንደ ሠርገኛ ያበራል።

«ተገኘ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «መምህር መዋቅር ውስጥ የለም። ሞግዚት የለም። ጥበቃ ግን አለ።»

«የምን ጥበቃ?»

«ንብረት ባለበት ጥበቃ ይቀጠራል። ሮቶ አላችሁ። ሰሌዳ አላችሁ። ሁለቱም ተመዝግበዋል።»

«ሮቶው ባዶ ነው።»

«ባዶም ቢሆን ይሰረቃል።»

«ሕፃናቱንስ?»

አቶ አንሙት ግራና ቀኝ አዩ። ከኔና ከእማ በቀር ሰው የለም። «ጥበቃው የሚጠብቀው ሮቶውን ነው። ሕፃናት ከሮቶው አጠገብ ቢውሉ ግን የሚከለክል ደንብ አላገኘሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌያለሁ።»

«ወንድ መሆን አለበት?» አለች እማ።

«አይልም።»

ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ነው፤ አዲሱ በጀት ያኔ ይለቀቃል። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰኔ ላይ ይዘጋል። «ትምህርት በሚዘጋበት ቀን ነው እኮ የሚጀምረው» አልኩ። እማ ናት የመለሰችልኝ። «ኩትኳቶና አረም መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ አይደለም? ሕሊና በየክረምቱ ስትዘጋ እነዚህ ልጆች የት ይውሉ ይመስልሃል?»

በዚህ ሁሉ ስብሰባ ውስጥ ይህን የተናገረ ሰው የለም። አንቺም አላሰብሽውም፣ እኔም። ስምሽን ስትጠራ ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እሱንም ልብ አልኩ።

ሰኔ 26

የብርጓል ለጥበቃነት ተወዳደረች። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ሌባ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በስሙ እጠራዋለሁ።»

«ስሙን ባታውቂውስ?»

«በዚህ ከተማ የማላውቀው ሌባ የለም። ለእናቱ እነግርበታለሁ።»

አለፈች። ካፖርትና ዱላ ተሰጣት። ካፖርቱ ለረጅም ሰው የተሰፋ ነው፤ መሬት ይጠርጋል። ቢተው ከሥሩ ገብቶ አልወጣም አለ።

መምህር ጠይቀን ዘበኛ አገኘን። ልሳቅ ወይስ ልናደድ አላውቅም። አቶ አንሙት «የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መምህር እንጠይቃለን፤ አሁን የምንጠብቀው አለን» ይላሉ። የኔታ «እኔ ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ» ብለዋል። ልመናው ግን ቀርቷል። ሴቶቹ ለምነው ነው ያስተዉአቸው።

ሰኔ 30

እማ ዛሬ ወደ ገጠር ተመለሰች። አባ ብቻውን ከበሬዎቹ ጋር ነው፣ በቆሎውም ይኮተኮታል። ስንቄን አዘጋጅታልኛለች። «ና ከኔ ጋር ክረምቱን» አለችኝ፤ «ማጠናከሪያ ትምህርት አለ» አልኳት። አለ፤ የሚጀምረው ግን ሐምሌ አሥራ አምስት ነው። የገባት ይመስለኛል። እስከ ድልድዩ ሸኘኋት። «ቤቱን ቶሎ ቶሎ ክፈተው፤ አየር ይግባው» ብላ ሄደች።

አልጋሽን እጠፍልኝ ብላኝ ነበር። ነገ።

ሐምሌ 1

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ማንም «ተነስ» አላለኝም፤ ራሴን «ተነስ» አልኩትና ተነሣሁ። ቆሎ በላሁ። አልጋሽን አጠፍኩ። ከዚያ ወደ እድሩ ቤት ሄድኩ።

ካፊያ ነበር። ከውስጥ የሕፃናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ሮቶው ወደ በሩ ተጠግቶ ተቀምጧል፣ ከአጠገቡ ናቸው እንዲባል። የብርጓል በካፖርቱ ውስጥ በሩ ላይ ቆማለች። ልገባ ስል ዱላዋን አጋደመችብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልገባ ነዋ።»

«ምን ልትሠራ?»

አሰብኩ። «ላግዝሽ» አልኳት።

«ደመወዝ ይከፈለኛል። ስንት ወር የለፈለፍከው ለዚህ አይደል?» ዱላዋን አላነሳችም። «አንተ ሕፃን አይደለህም። ሂድ።»

«ወዴት ልሂድ?»

«የኔ በቆሎ ዛሬ ይኮተኮታል። ሴቶቹ ወርደዋል። እኔ እዚህ ስለሆንኩ አንድ እጅ ይጎድላል።»

ተናድጄ ነበር። ግን ሄድኩ። ማሳው ላይ ሴቶቹ ተሰልፈው ይኮተኩታሉ። አንዷ መኮትኮቻ አቀበለችኝ። ዳር ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ፤ ከወንዝ ማዶ ለወንፈል የመጡ ናቸው፣ አይቻቸው አላውቅም።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የሕሊና ወንድም ነኝ።»

«የትኛዋ ሕሊና?»

የሌሎቹ መኮትኮቻ ቆመ።

«የሞተችው» አልኳቸው።

«እሷን እኮ አውቃታለሁ» አሉ። «የልጅ ልጄን ይዛልኛለች።» ከጎናቸው ያለውን መስመር በእጃቸው አሳዩኝ። «በዚህ ግባ። ሥሩን እንዳትነካው፤ አፈሩን ብቻ ወደ እግሩ ሰብስብለት።»

ገባሁ። እስኪረፍድ ድረስ አጠገባቸው ኮተኮትኩ። ሁለት እግር በቆሎ ቆርጬ ጥያለሁ። አይተው ዝም አሉኝ።